ሁለት ሰው ሲቀመጥ የሚነቃው ዋይፋይ

መቱ መናኸሪያ አጠገብ ፉልና ሳምቡሳ የምትሸጠው ዘህራ ተንኮል የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ሞባይል ስልክ መቱ የገባ ሰሞን ጎረቤቷን ጋሽ አብደታን «ፊትዎን ኮረብታው ላይ ወዳለው ታወር ካላዞሩ ድምፅዎ አይደርስም» ብላ አሳመነቻቸው። ሰውየው ክረምቱን ሙሉ ስልክ በመጣ ቁጥር ከቤት እየወጡ፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ ወደ ኮረብታው ዞረው ሲጮኹ ከረሙ። የነቁባት ልጃቸው ከቡሬ መጥቶ «አባዬ፣ ኮረብታው ምን በደለዎት?» ሲላቸው ነው። አኮረፏት። ብዙም ሳይቆዩ ግን ሳምቡሳዋ አስታረቃቸው።

ትልቁን ተንኮሏን ያዋለችው ግን በገዛ ወንድሞቿ ላይ ነው። ታላቋ ሻፊ የብትን ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ታናሿ ኢክረማ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። ሦስቱም የሚኖሩት አባታቸው በተዉላቸው ሰፊ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ሻፊ በቀኝ፣ ኢክረማ በግራ፣ ባሏ የሞተባት ዘህራ ደግሞ መሃል ላይ ነች።

ወንድማማቾቹ የተኳረፉት በጢም ነው። ኢክረማ ሽበት ያለ ዕድሜው ስለወረረው ጢሙን በሂና ያቀላል፤ ያየው ሁሉ አዛውንት ይመስለዋል። ቡሬ ላይ የዘመድ ሠርግ ተጠርተው ሳለ የድግሱ አስተናባሪ ተነሥቶ «አሁን የቤተሰቡ ታላቅ ይመርቁልን» ሲል እጁን የዘረጋው ወደ ኢክረማ ነበር። ኢክረማም «እኔ አይደለሁም፣ ታላቄ እዚህ አለ» በማለት ፈንታ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ረጅም ምርቃት መረቀ። ሰው እንዳያፍር ብዬ ነው ይላል እሱ። ሻፊ ግን የሩዙን ሳህን ገፋ አድርጎ ተነሣና በሠርገኛው ፊት «ሂና ታላቅ አያደርግም!» አለ። ኢክረማም «ታላቅነት የሚያምረው ላወቀበት ነው» ብሎ መለሰ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። ሽማግሌ ተላከ፣ ሼኹም መከሩ፤ ሁለቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው፣ ሁለቱም ከነኩርፊያቸው ወደየቤታቸው ገቡ።

ዳፋው የተረፈው ለዘህራ ነው። «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ የውኃውን ቧንቧ በደንብ ይዝጋ።» «ለዚያኛው በይው፣ እኔ ከፍቼ ትቼ አላውቅም።» ፉል ስታማስል ውላ ማታ ደግሞ የሰው ቃል ተሸክማ ከቀኝ ወደ ግራ ትመላለሳለች። የሚገርመው ሚስቶቻቸው አልተኳረፉም፤ በጓሮ በር ዘህራ ቤት እየተገናኙ ባሎቻቸውን ያማሉ።

እንዲህ እያለ ጅማ ያገባችው የሻፊ ልጅ ሁስና ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሕፃኑን በስልክ ለማየት ሁሉም ተንሰፈሰፈ። የሞባይል ዳታው ደግሞ ገና የሕፃኑ ግንባር ብቅ ሲል ያልቃል። ዘህራ ለግቢው አንድ የኢንተርኔት መስመር እናስገባና ለሦስት እንካፈል የሚል ሐሳብ አመጣች። ሻፊ ፈጥኖ ተስማማ፤ «ግን ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ዕቃው እሱ ቤት አይቀመጥም» አለ። ኢክረማም ቃል በቃል ይህንኑ አለ። ዘህራ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ስትስቅ እንደዚያ ታደርጋለች።

መስመሩ ከገባ በኋላ ራውተሩን እንድታስተካክልላት የጠራችው ሙሉብርሃንን ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ ስልክ የምትጠግን ሴት ናት። ሙሉብርሃን ግቢውን ዙሪያውን አየችና «እርስዎ መሃል ስለሆኑ ከሳሎንዎ ከፍ አድርገን ብንሰቅለው ለሁለቱም ቤት ይደርሳል» አለቻት።

«እንዳይደርስ ነው የምፈልገው።»

«ምን አሉኝ እትዬ ዘህራ?»

«እንዳይደርስ። ያ አግዳሚ ወንበር ይታይሻል? አቮካዶው ሥር ያለው? እዚያ ብቻ ይድረስ።»

«እኔ እኮ ሥራዬ ማድረስ ነው!» አለች ሙሉብርሃን እየሳቀች። ዘህራ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ነገሩን አንሾካሾከችላት። ሙሉብርሃን ወንድማማቾቹን ታውቃለች፤ የሁለቱ ሱቅ ትይዩ ስለሆነ አንዱ ጋ ዕቃ የገዛ ሰው ሌላው ጋ ሲገባ እንዴት እንደሚገላመጥ አይታለች። ስለዚህ ብዙ አልተግደረደረችም። ወጥ ቤቶቹ በቀኝም በግራም የቆርቆሮ ስለሆኑ ቆርቆሮው ዋይፋዩን እንደሚያግድላት ነገረቻት። ከስልኳ ገብታም የራውተሩን ጉልበት ቀነሰች፤ ሳጥኑንም ወደ አቮካዶው በሚያየው መስኮት ላይ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጠችው። ስትጨርስ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ አሳየቻት። «ይቺን ሲጫኗት ዋይፋዩ ይተኛል፣ ደግመው ሲጫኗት ይነሣል። ሌላ ምንም አይንኩ።»

«ይቺ ትበቃኛለች» አለች ዘህራ።

በማግሥቱ ሻፊ ስልኩን ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ምንም የለም። ኢክረማ ወጥቶ በሌላኛው ጫፍ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ ግን የሁለቱም ስልክ በአንዴ ጢን ጢን አለ። ሻፊ ደስ ብሎት አንገቱን ቀና አደረገ፤ ወንድሙን ሲያይ መልሶ አቀረቀረ። ኢክረማ ተነሥቶ ሲሄድ ጠፋ።

ሁለቱም በየፊናቸው መጥተው ጠየቋት። ዘህራ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ሙሉብርሃን ነግራኛለች፤ ይኼኛው ሰው ሰብሰብ ሲል ነው የሚነቃው። አንድ ሰው አይበቃውም።»

«ሰው ሲበዛ እኮ ነው የሚደክመው!» አለ ኢክረማ።

«እሱ የአዲስ አበባው ነው። የመቱው ሌላ ነው።»

«ማል ጎና!» አለ ኢክረማ፤ ምን እናድርግ እንግዲህ ማለቱ ነው። አምኗት አይደለም፤ ግን ኳስ የሚጀምርበት ሰዓት ደርሶበታል።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የታየው ነገር ለጉድ ነው። ሻፊ የልጅ ልጁን ማየት ሲያምረው በሩ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ያስላል። «ሰውዬ ውጣ» አላለም፤ ብቻ ያስላል። ኢክረማ ደግሞ ሲፈልግ የሱቁን ቁልፍ ያንሿሿል። ሳሉ ወይም ቁልፉ ሲሰማ ያኛው ቀስ ብሎ፣ በአጋጣሚ የወጣ መስሎ፣ ሰማዩን እያየ ይመጣል። ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። ዘህራ ከመጋረጃው ኋላ በርጩማ ላይ ሆና ቁልፏን ትጫናለች። ሚስቶቹም አንዳንዴ አጠገቧ ተደርድረው፣ ራውተሩ ሥር ስለሆኑ የሚፈልጉትን በስልካቸው እያዩ፣ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሁስና ደወለች። ሕፃኑ ስልኩን ሞልቶት ሲያዛጋ ምስሉ ደረቀ። ሻፊ ስልኩን ያራግባል፣ ያዞራል፣ ይተነፍስበታል። ኢክረማ ሁስናን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ያሳደጋት አጎቷ ነው፤ ድምፅዋ ሲቆራረጥ አላስችል አለው። ወደ አቮካዶው ዛፍ ዞሮ «ስልኩን ወደ መስኮቱ ቢያዞሩት ይሻላል» አለ።

ሻፊም ለዛፉ መለሰ። «አዙሬዋለሁ።»

«ዝቅ ቢል ደግሞ።»

«ዝቅ ብያለሁ።»

ይሄኔ ምስሉ ተንቀሳቀሰና ሁስና «አጎቴ ነው እንዴ? የአጎቴን ድምፅ ሰማሁ! አባዬ፣ ስልኩን ስጠው እስቲ!» አለች። ሻፊ ዛፉን አየ። ዛፉ አልረዳውም። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሳይዞር ስልኩን ሰጠ፤ ኢክረማም ሳይዞር ተቀበለ። ሕፃኑን ሲያይ ግን ጮኸ። «ወላሂ፣ ቁርጥ ሻፊን!»

«የእኔ አፍንጫ እንዲህ ጠፍጣፋ ነው?» አለ ሻፊ ተቆጥቶ፤ መልሱን ግን ለዛፉ አልነበረም የሰጠው።

ዘህራ ከመጋረጃው ጀርባ እንባዋን ጠረገች። የሳቅ ይሁን የሌላ እሷ ታውቃለች። እዚህ ላይ ብታቆም ደግ ነበር። ግን ተንኮለኛ መቼ ጠግቦ ያውቃል? ጥሪው ካለቀ በኋላም ነገሩ እንዳይቀዘቅዝ ብላ ቁልፏን መጫኗን ቀጠለች።

ኢክረማ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ በጓሮ ወደ ቧንቧው ሲያልፍ የዘህራ የኋላ በር ገርበብ ብሏል። አንገቱን አስግጎ አየ። እህቱ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በአንድ ዓይኗ በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች፤ ጣቷ ራውተሩ ላይ ነው። ሻፊ ብቻውን ስለቀረ ጫን አደረገች፤ የራውተሩ መብራት ጠፋ። ኢክረማ ውዱኡን ረሳው። በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ተመለሰና በወንድሙ ጆሮ አጎንብሶ «ሻፊ ጋሼ፣ ዝም ብለህ ስማኝ» አለ።

ሻፊ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ሳቅ ሲታገለው ጢሙ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እንፈትናት» አለ።

ኢክረማ ተነሣ፣ ጥቂት ራቅ አለ፤ ዋይፋዩ ጠፋ። ተቀመጠ፤ መጣ። ሻፊ ተነሣ፤ ጠፋ። ተቀመጠ፤ መጣ። ቀጥለው ፍጥነት ጨመሩ፤ አንዱ ሲነሣ አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ሲቀመጥ አንዱ ይነሣል፣ ደግሞ ሁለቱም ተቀምጠው ሁለቱም ብድግ ይላሉ። ዘህራ ውስጥ ሆና ቁልፉን ስትጫን፣ ስታነሣ፣ ደግማ ስትጫን ላብ በላብ ሆነች። ሁለት ጎልማሶች በአግዳሚ ላይ እንደ ሕፃን ሲዘሉ ለምን እንደሆነ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አላገኘችም። የገባት ሻፊ «ደከመሽ ወይ ዘህራ?» ብሎ ሲጮኽና ኢክረማ ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ሲወድቅ ነው።

ትከሻ ለትከሻ ሆነው በሯን አንኳኩ። ሻፊ «በእኛ ዕድሜ ትጫወቺብናለሽ?» አለ። ኢክረማም «ታላቅሽን አታፍሪም?» ብሎ ጨመረ። «ታላቅሽን» ሲል እጁ ወደ ሻፊ ነበር። ሻፊም አይቶታል።

«ግቡ፣ ሳምቡሳው ሳይቀዘቅዝ» አለች ዘህራ።

ራውተሩን በዚያው ቀን ከመስኮቱ አንሥተው ከፍ አድርገው ሰቀሉት፤ ሙሉብርሃንም ተጠርታ ጉልበቱን መለሰች፤ ለተባባሪነቷም ሁለቱም ወንድማማቾች ተቆጧት። ዘህራ ግን ሰላም አላገኘችም። ሁለቱ የከረመ ወሬያቸውን ለማካካስ በየምሽቱ ከመስኮቷ ሥር ተቀምጠው ስለ ጎማ፣ ስለ ጨርቅ፣ ስለ ኳስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከራከራሉ። አንድ ቀን ብቅ ብላ «ስትኳረፉ ትሻሉኝ ነበር!» አለቻቸው።

በዚያው ክረምት መብረቅ በመስመሩ ገብቶ ራውተሯን አቃጠላት። በቦታዋ ሌላ ተተካ። ወሬው ግን ከግቢው ወጥቶ እስከ ዳሪሙ ወረዳ ደርሶ ኖሯል። ለዘህራ ማርና ቅቤ የምታመጣላት ሽብሬ አንድ የገበያ ቀን ማሰሮዋን አስቀመጠችና ራሷን አከከች።

«ማሎ ዘህራ፣ እባክሽ፣ ያን ሰው የሚያስታርቅ ዕቃ አውሺኝ። እኔና ምራቴ ኢብሴ ከተነጋገርን ቆየን።»

ዘህራ የሞተችውን ራውተር ከመደርደሪያው አውርዳ አቧራዋን አበሰችና በክብር ሰጠቻት። «መብራት አትፈልግም። ግን በየማታው ሁለታችሁ አብራችሁ ካልወለወላችኋት አትሠራም።»

ሽብሬ ዕቃዋን ገልበጥ አድርጋ የተቃጠለውን ጀርባዋን አየች፤ ሸተተቻት፤ ዘህራንም አየቻት። «ይቺ ሞታለች» አለች።

«ሞታለች።»

«ኢብሴ ግን አታውቅም» አለች ሽብሬ፤ ራውተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ቅርጫቷ ውስጥ ከከተተች በኋላ መኪና እንዳያመልጣት ወደ መናኸሪያው ሮጠች። በሚቀጥለው ገበያ ማር ስታመጣ ዘህራ «እንዴት ሆናችሁ?» ብላ ጠየቀቻት።

«የመወልወያውን ጨርቅ ማን ይያዝ በሚለው ተጣላን» አለች ሽብሬ፤ «ግን ተነጋግረን ነው የተጣላነው።»