በአያቴ የነፍስ አባት ላይ የጫንኩት

ይህን ለእናቴም ለጓደኛም ተናግሬው አላውቅም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያንኑ የአብዮት ታሪክ ትምህርት እንደገና ሲጀምሩልን ግን መሸሸጉ አቃተኝ።

ደብረ ታቦር አሥራ አንደኛ ክፍል ስማር፣ የታሪክ መምህራችን ከቅኝ ግዛት ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮችን አብዮት አስተማሩን። ነፃ አውጪዎቹ ሥልጣን ሲይዙ ለምን የራሳቸውን ሕዝብ ማሰር ጀመሩ? ሽማግሌ ጠይቃችሁ ከኛ አብዮት ጋር አነጻጽሩ አሉን። እኔ መምህር ደስ እንዲለው የማላደርገው አልነበረም። ገሳይ አጠገብ ወዳለው ቀያችን፣ ወደ አያቴ ሄድኩ።

አያቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ። አውድማው ዳር ተቀምጠን ነገሩኝ። ጎረቤታቸውን አቶ መኩሪያን በስብሰባ ላይ «አድኃሪ ነው፣ ሽፍታ ያበላል» ብለው አሳስረዋቸዋል። ውሸት ነበር። የፈለጉት ከራሳቸው ጋር የሚዋሰነውን የአቶ መኩሪያን መሬት ነው። አቶ መኩሪያ ከእስር ታመው ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

«ይኸን ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም» አሉኝ። «ለትምህርትሽ ከሆነ ጣፊው። ስም ግን እንዳታነሺ፣ ልጄ። ከልጁ ጋር አንድ ጽዋ ነው የምንጠጣ።»

«እሺ አባባ፣ አላነሣም።»

አነሣሁ። ስም ያለበት ታሪክ ይበልጥ ያስመሰግናል ብዬ አነሣሁ። ክፍሉ ፊት ቆሜ አነበብኩት፤ መምህሩ አስጨበጨቡልኝ። አንዱ ከኋላ «የአያትሽን ጉድ ነው እንዴ የምታወጪው?» ሲለኝ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የአቶ መኩሪያ የልጅ ልጅ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ረስቻት ነበር? አልረሳኋትም። እያየኋት አነበብኩ።

በወሩ በሚካኤል ማኅበር ላይ አያቴ ጽዋውን ሲያቀብሉ፣ የአቶ መኩሪያ ልጅ እጁን አልዘረጋም። «አባቴን በሐሰት ካሳሰረ እጅ አልቀበልም» አለ በሰው ሁሉ ፊት። ከማን እንደሰማ ግን አልተናገረም፤ የክፍሌን ልጅ፣ ሴት ልጁን፣ ነገር ውስጥ መክተት አልፈለገም። አያቴ ጽዋውን አስቀምጠው ወጡ።

በማግሥቱ ጠየቁኝ። «አንቺ ልጅ፣ ተናግረሻል?»

«እኔ? ኧረ በሚካኤል!»

አያቴ እስከሚያውቁት ድረስ ምስጢሩን የምናውቀው ሁለት ነበርን፤ እኔና ቄሱ። እኔ አይደለሁም ስል በማን ላይ እንደጫንኩት ገብቶኝ ነበር። አያቴ «ቄስ ምስጢሬን ካወጣ ለማን ልናዘዝ?» ብለው ከነፍስ አባታቸው ተለያዩ፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናዘዙም። ቄሱ አልተከራከሩም፤ የኑዛዜ ነገር አፍ አውጥቶ አይነገርምና። ያ ጽሑፌ እኮ የሚያበቃው «አብዮቶቹን ያበላሸው ጥፋትን መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ መጫን ነው» ብሎ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እኔ ነኝ የሠራሁት።

ባለፈው ፋሲካ ቄሱ መንገድ ላይ አገኙኝ። መስቀል አሳለሙኝና «አያትሽ ቆረቡ?» አሉ።

«ገና ናቸው፣ አባ።»

«ጊዜ እኮ የላቸውም፣ ልጄ» ብለው አለፉ። የዚያን ጊዜም እውነቱን አልነገርኳቸውም።

አያቴ አሁን ከአልጋ አይነሡም። ልጅ ነበርኩ ብዬ ላመካኝ አስቤ ነበር፤ ግን የምሠራውን አውቅ ነበር። ቅዳሜ ገሳይ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ቄሱ ቤት ሄጄ ይዣቸው እመጣለሁ። በሁለቱ ፊት «ያወጣሁት እኔ ነኝ» እላለሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት አልቆይም፤ አያቴ የሚናዘዙበት ጊዜ ጥቂት ነው። በሩን ዘግቼላቸው እወጣለሁ።