ጨው የሌለበት በረዶ

ኪየምና እኔ ሁዌ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አንድ አምቡላንስ ለዘጠኝ ዓመት ተፈራርቀን ነድተናል። እሱ የላንግ ኮ ልጅ ነው፤ ከባሕሩ ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር። እርጋታው ያናድዳል። ሳይረን እያስጮኸ እንኳ ጉድጓድ ካየ ፍሬን ይይዛል። እኛ ሹፌሮቹ «ኤሊው» እንለዋለን፤ እሱም «ኤሊ መኪና ገልብጦ ያውቃል?» ይልና ሻዩን ይጠጣል።

ኩላሊት ከሆስፒታል ሆስፒታል ማመላለስ ሲጀመር ግን ነርሶቹ የሚመርጡት እሱን ነበር።

በጥቅምት፣ ዝናቡ አራተኛ ቀኑን በያዘበት ማክሰኞ ጠዋት፣ ከነርስ ኛን ጋር ዳናንግ ሄዶ አንድ ኩላሊት ተረከበ። ኛን የንቅለ ተከላው አስተባባሪ ናት፤ ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀልጣፋ፣ ቶሎ የምትቆጣ። ለጋሹ ከሞተር ሳይክል ወድቆ አንጎሉ የሞተ ሰው ሲሆን ሚስቱ ነበረች የፈቀደችው። ሁዌ ላይ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ደሟን በማሽን ስታሳጥብ የኖረች፣ ባርኔጣ የምትሰፋ ሴት ለቀዶ ጥገና ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። መንገዱ የሁለት ሰዓት ነው።

በተራራው ሥር የሚያልፈውን ትልቁን የመኪና ዋሻ በሰላም አለፉ። ላንግ ኮን አልፈው ትንሿን ኮረብታ ሲጠጉ ግን ናዳ ወርዶ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ከፊት ጭቃና ድንጋይ፣ ከኋላ የተደረደረ መኪና። ማለፍም መመለስም የለም።

የመጀመሪያውን ሰዓት ኛን ስልክ ስትደውል ፈጀችው። በሁለተኛው ላይ ከኩላሊቱ ሳጥን ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ አየች። የክዳኑ ጎማ አንድ ጥግ ላይ ተላቆ፣ በረዶው ከታሰበው በፊት እየቀለጠ ነው። ኩላሊቱ በሦስት ላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሙቀቱ ከአራት ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ኩላሊቱም ቀዝቅዞ በረዶ እንዳይሆን ታዝዛለች። ቴርሞሜትሩ አምስት ይላል።

ሦስት መኪና አልፎ ዓሣ የጫነ መኪና ቆሟል። ኛን በዝናብ ሮጣ ለሹፌሩ ነገረችው፤ እሱም ሳያቅማማ አንድ ባልዲ የተፈጨ በረዶ ሰጣት። ተሸክማ ስትመለስ ኪየም ከባልዲው ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገ።

«ይሄ አይሆንም» አላት።

«እንዴት ነው የማይሆነው?»

«ጨው አለበት። ጨው የገባበት በረዶ ቅዝቃዜው ሌላ ነው፤ ኩላሊቱን ድንጋይ ያደርግብሻል።»

«ጋሼ ኪየም፣ ቴርሞሜትሩ ስድስት እየገባ ነው። አሁን ስለ ዓሣ ልታስተምረኝ ነው?»

«ሃያ ዓመት ዓሣ ጭኛለሁ። አንዴ ሙሉ ጭነት እንዲህ ደርቆብኝ፣ ሲቀልጥ ሥጋው ገንፎ ሆነ። ሥጋ ሥጋ ነው፣ ልጄ።»

እሷ ሳጥኑን ልትከፍት ስትል ባልዲውን ከእጇ ነጥቆ መንገዱ ላይ ደፋው። ኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ያኔ በጥፊ ልትለው እጇን አንስታ ነበር። ይሄ ኩላሊት ቢበላሽ በአንተ ነው አለችው። «በኔ ይሁን» ብሎ ከመንገዱ በታች ወዳሉት ቤቶች ቁልቁል ወረደ።

መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። አራት በር አንኳኳ፤ ከሁለቱ መልስ አጣ፣ በሁለቱ በረዶ የለም። አምስተኛው የሸንኮራ ጭማቂ የምትሸጥ የአንዲት አሮጊት ቤት ነበር። ሁለት ድፍን በረዶ አላት፤ ግን ላዩ ላይ የባሏ የስኳር በሽታ መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑ፣ ተጋድሟል። ኪየም የመጣበትን ሲነግራት በረዶውን ከልላ ቆመች።

«ለሞተ ሰው ኩላሊት ብዬ ቁጭ ያለ ባሌን ልግደል?»

ኪየም ለኛን ደውሎ ስልኩን ለአሮጊቷ ሰጣት። ኛን ንዴቷ ገና አልበረደም፤ ለአሮጊቷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መድኃኒቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ከተቀመጠ ለሳምንታት እንደሚቆይ አስረዳቻት። አሮጊቷ በእናትሽ ማይልኝ አለቻት። ኛን ማለች። ኪየም በረዶውን ላሰ፤ ጨው የለበትም። አሮጊቷ አንዱን ሰጠችው። ሌላውን አልሰጠችውም።

ሲመለስ ቴርሞሜትሩ ሰባት ይላል። በረዶውን በጆንያ ጠቅልሎ በክሪክ እጀታ ፈጨው፣ ኛን ከጥቂት ውሃ ጋር በላስቲኮቹ ዙሪያ ጠቀጠቀችው፣ የተላቀቀውን ጎማ በፕላስተር አሸጉ። ከዚያ ሁለቱም ቁጥሩ ላይ አፈጠጡ። አራት ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ወሰደበት።

የመንገድ ሥራው ኃላፊ እስኪመሽ አይከፈትም አለ። ኪየም ግን አገሩን ያውቃል፤ የባቡሩ ሐዲድ ከታች በባሕሩ ዳር ያልፋል፣ ባቡርም ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ለባቡር ጣቢያው ደውለው አረጋገጡ። ሳጥኑን በቃሬዛው ማሰሪያ ጀርባው ላይ አስሮ ሐዲዱን ይዘው መሄድ ጀመሩ። ከናዳው ማዶ እስካለው መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ግማሽ ላይ የድስት መጠን ያለው ድንጋይ ከላይ ተንከባልሎ አሥር እርምጃ ፊት ለፊታቸው ወደቀ። ቆሙ። ሌላ ይከተል እንደሆነ አዳመጡ። ከዚያ ኛን ቀድማ ተራመደች።

እኔ ተደውሎልኝ በወዲያኛው ጫፍ ሌላ መኪና ይዤ እጠብቅ ነበር። ጭቃ ለብሰው ሲመጡ ማን ማን እንደሆነ የለየሁት በሳጥኑ ነው። ኪየም ከኋላ ገብቶ ሳጥኑን አቀፈ፤ እስከ ሁዌ ድረስ «ጉድጓድ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ከሰዓት በኋላ ኩላሊቱ ተተከለ። ግን ዝም አለ፤ ሽንት የለም። ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፣ ስምንት ቀን፤ ሴትየዋ አሁንም በማሽኑ ነው የምትኖረው። ሐኪሞቹ ይህ ያጋጥማል፣ ኩላሊቱ እስኪነቃ ነው ይላሉ። ኪየም በየጠዋቱ የዋርዱ በር ድረስ ሄዶ፣ ምንም ሳይጠይቅ የነርሶቹን ፊት አይቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ጎማ እየቀየርን ሳለ፣ «ቴርሞሜትሩ ሰባት የደረሰው እኔ ስከራከር ነው» አለኝ። ብሎኑን ማጥበቄን ቀጠልኩ። ኛን አልወቀሰችውም፤ አይዞህም አላለችውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኛን ራሷ የሹፌሮች ክፍል መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ ኪየም፣ ሸናች» አለችው። «ግማሽ ብርጭቆ ናት፤ ግን ሸናች።»

«ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ቢጫ ነዋ። ሌላ ምን እንዲሆን ፈልገህ ነበር?»

ኪየም አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የመኪናውን ቁልፍ ወረወረልኝና ተራዬን ያዝልኝ አለኝ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ እዚያው ጋደም አለ፤ እስከ ማታ አልነቃም።