መሪጌታ በጠመኔ ያሰመሩበት ሹካ

ንፋስ መውጫ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ሥራ የጀመርሁት በሜካኒካል ምህንድስና በተመረቅሁ በሁለተኛው ወር ነው። በመጀመሪያው ቀን የወርክሾፑ ኃላፊ አቶ ሙሉጌታ መቆንጠጫ ሞርሳ ላይ የታሰረ የውኃ ፓምፕ አሳዩኝ። አንዱ ብሎን ዝጎ አልፈታ ብሏቸዋል።

«ዩኒቨርሲቲ ምን እንዳስተማረሽ እንየው» አሉኝ።

እጀታው ረጅም የሆነ ቁልፍ መርጬ ሙሉ ክብደቴን አሳረፍሁበት። ተፈታልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ የብሎኑ ራስ ተቆርጦ ቁልፉ ውስጥ ቀርቷል። አቶ ሙሉጌታ አልተቆጡም። ቁራጩን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡና፣ «ያዥው፤ ኩራት ሲሰማሽ ታዪዋለሽ» አሉኝ። ቁራጩ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ይገኛል።

በዚያው ቀን ወደ ቤት ስሄድ የግቢው ጥበቃ አስቆሙኝ። መሪጌታ ፈንታ ይባላሉ። የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተ ልሔም ለዓመታት ተቀምጠው ድጓ ያስመሰከሩ ሊቅ ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ከተሰበረ በኋላ ማኅሌት መምራት ስላልቻሉ፣ በዱላና በካፖርት የእኛን በር ይጠብቁ ነበር።

«መምህርት፣ ያ የሚዞረው መኪናችሁ ዛሬ ድምፁ ልክ አይደለም» አሉኝ። ብረት የምንቀርጽበትን ቶርኖ ማለታቸው ነው። ከበሩ እስከ ወርክሾፑ መቶ እርምጃ ያህል ይሆናል።

በትሕትና አመስግኜ አለፍሁ። አልመረመርሁትም። በሦስተኛው ቀን የቶርኖው ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተፈረካክሶ ሥራ ቆመ። አፍሬ ሄጄ ስነግራቸው፣ «እኔ ስለ ብረት ምን አውቄ፤ አንድ ድምፅ ጎድሎ ነበር» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከእስቴ የወፍጮ ዘንግ፣ ከስማዳ የውኃ ፓምፕ፣ ከየገጠሩ የእህል መውቂያ መጣልን። የተጣበቀ ዕቃ የምናላቅቀው በሦስት ነገር ነበር፤ በላምባ፣ በእሳትና በመዶሻ። ብረት ሦስቱንም ይችላል። ሌላ ዓይነት ዕቃ ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ሙያዬን የጨረስሁት መስሎኝ ነበር።

ውቢት የመጣችው የሞባይል ስልክ ገጠር ድረስ በገባበት ዘመን፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የወገዳ ልጅ ነበረች። በብስክሌት ውድድር አንደኛ ወጥታ ያገለገለ የካርቦን ብስክሌት ተሸልማለች። አባቷ አቶ ደረሰ ብስክሌቱን ከአውቶቡስ ጣሪያ አውርደው እንደ ሕፃን ታቅፈው ገቡ። እሑድ ደብረ ታቦር ላይ ለክለብ ምርጫ ትወዳደራለች። ያለፈ በክለቡ ይታቀፋል፤ ያላለፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ችግሩ የፊት ሹካው ላይ ነበር። የሹካው የላይኛው ቱቦ በብስክሌቱ አንገት ውስጥ አልፎ መሪውን ይይዛል። ቱቦው ውስጥ አንዲት የአሉሚኒየም መወጠሪያ ትቀመጣለች፤ ብሎኗ ሲጠብቅ ትሰፋና የውስጡን ግድግዳ ትነክሳለች፤ በእርሷ ኃይል አንገቱ ይጠብቃል። የውቢት መወጠሪያ ወደ ታች ተንሸራታ፣ ክሯ ተበልቶ፣ እዚያው ተጣብቃለች። አዲሷን በወረቀት ጠቅልላ ይዛ መጥታለች፤ አሮጌዋ ካልወጣች ግን አዲሷ አትገባም።

ሹካውን ከአንገቱ ነቅዬ ሳነሣ እጄ ካሰብሁት በላይ ወደ ላይ ሄደ። ክንዴ የብረት ክብደት ጠብቆ ነበር። በመስኮቱ ብርሃን ሳዞረው፣ ከሚያብረቀርቀው ቅብ ሥር ጥቁር ፈትል እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ሽመና ይታያል። ስለ ካርቦን በትምህርት ቤት አንድ ገጽ አንብቤያለሁ፤ በእጄ ስነካው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሰው በፈትልና በሙጫ ከብረት የሚፎካከር አጥንት መሥራቱ አስደነቀኝ።

አቶ ሙሉጌታ ከኋላዬ መጡ። «እሳት አሳዪው፤ ይለቃል።»

«አይሆንም፤ ይህ ጨርቅና ሙጫ ነው። እሳት ካገኘው ሙጫው ይበላሻል።»

«ታዲያ ይህች ልጅ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ነው ቁልቁለት የምትወርደው?»

«ከእርስዎ ሞተር ሳይክል ይሻላል» አለች ውቢት። «እርሱ ፍሬን ሲይዝ ጩኸቱ ለቀበሌው ሁሉ ይሰማል።»

አቶ ሙሉጌታ እየሳቁ ሄዱ። እኔ ላምባ አፈሰስሁበት። አቆየሁት። ከታች ረጅም የነሐስ ዘንግ አስገብቼ በቀላሉ መታ መታ አደረግሁ። መወጠሪያዋ አልተነቃነቀችም። ሐሙስም እንደዚሁ ሆነ። ከዚያ በላይ ብመታ የቱቦው ግድግዳ እንዳይሰበር ፈራሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቀጭን ሽቦ ዳርዳሩን ስጎረጉር ቡናማ ፀጉር ወጣ። በፒንሳ ይዤ ወደ ብርሃን አወጣሁት። ፀጉር ቱቦ ውስጥ ምን ይሠራል?

አቶ ደረሰ ሁለቱን ቀን ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። አሁን ተነሡ።

«መምህርት፣ የጥጃ ነው።»

«የጥጃ?»

«የወገዳ መንገድ እየነቀነቀ አንገቱን ያላላባታል። እኔ ሳርስ የሞፈሩ ወገል ሲላላብኝ እርጥብ የቆዳ ጠፍር ነው የምጠቀልልበት፤ ሲደርቅ ንክች አይል። ለእርሷም እንደዚያው አደረግሁላት። በእንጨት መትቼ አስገባሁት።»

«አባዬ!» አለች ውቢት። «ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብለህ ታየናለህ?»

«ትስቁብኛላችሁ ብዬ ነዋ። እዚህ ሁሉም የተማረ ነው።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የደረቀ ቆዳ በላምባ ሳጥብ እንደ ዋልሁ ተረዳሁ። ላምባ ለዝገት ነው። የደረቀ ጠፍር የሚለሰልሰው በውኃ መሆኑን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም ነበር።

ላምባውን በሳሙና አጠብሁ። ቱቦውን ቁልቁል ደፍቼ ለብ ያለ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አቆምሁት። ዓርብ ጠዋት የነሐሱን ዘንግ አስገብቼ በሦስተኛው ምት መወጠሪያዋ ከነጠፍሯ ተንሸራታ ወጣች። ውቢት እልል አለች። አቶ ደረሰ የራሰውን ጠፍር በጣታቸው እያፍተለተሉ፣ «ጥሩ ጠፍር ነበር» አሉ።

እዚያ ላይ ማብቃት እችል ነበር። ያነበብሁት ገጽ ግን አንድ ነገር ይላል፤ ካርቦን የሚጎዳው ከውስጥ ነው፣ ንብርብሩ ሲላቀቅ ከውጭ አይታይም፣ በሳንቲም ሲመታ ግን ድምፁ ይደነዝዛል። ሳንቲም አውጥቼ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች መታሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ደግሜ መታሁ። አሁንም አንድ ነው። ያን ጊዜ የቶርኖው ኩሽኔታ ትዝ አለኝና ወደ በሩ ሄድሁ።

መሪጌታ ፈንታ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ገቡ። የምፈልገውን ነገርኋቸው። በመጀመሪያ ያሉት፣ «ያን መኪና ዝም አሰኙልኝ» ነው። ቶርኖው ቆመ። ሹካውን በክር አንጠልጥለው ዓይናቸውን ጨፈኑና በሳንቲሙ ከታች ወደ ላይ መምታት ጀመሩ። ጆሯቸውን አላስጠጉም፤ እንዲያውም ፊታቸውን ዞር አደረጉ።

ከቱቦው ጫፍ አራት ጣት ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። መለሱት። እንደገና ቆሙ።

«እዚህ ጋ ድምፁ ይሄዳል እንጂ አይመለስም» አሉ። «ከበሮ ቆዳው ከውስጥ ሲለቅ እንዲህ ይላል። ጠመኔ ስጡኝ።»

ቱቦውን ዙሪያውን አሰመሩበት። እኔም ተቀብዬ መስመሩ ላይና ከመስመሩ በታች መታሁ። ልዩነቱን አልሰማሁም። ይህን መጻፍ ዛሬም ይከብደኛል፤ ግን አልሰማሁም። በማጉያ መነጽር ብፈልግም አንድ ጭረት አላገኘሁም።

አቶ ሙሉጌታ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ሠናይት፣ ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው? ‹መሪጌታ ሰሙት› ብለሽ?»

የሥራ ትእዛዙ ላይ «ለመንገድ አይሆንም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

ውቢት ጽሑፉን አየችው። «ወጣች አላላችሁም? ወጣች እኮ! አዲሷን አስገቡልኝና ልሂድ።»

«ከተሰበረ የሚሰበረው ቁልቁለት ላይ ነው። መሪው እጅሽ ላይ ይቀራል» አልኋት።

«ካልተሰበረስ?»

«እኔ ነኝ የመታሁት» አሉ አቶ ደረሰ ወደ መሬት እያዩ።

«አያ ደረሰ፣ ይተዉ እንጂ» አሉ መሪጌታ። «ገና አልታወቀም።»

ከተጣለ አሮጌ ብስክሌት የብረት ሹካ አገኘሁ። በካሊፐር ስለካው የቱቦው ውፍረት ይስማማል፤ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ወገብ ብቻ ጥቂት ይሰፋል። ቅዳሜ በቶርኖ ልኩን አስይዤ ገጠምሁት። ውቢት ብስክሌቱን አነሣችው፣ መልሳም አስቀመጠችው።

«እህል ጭኜ ልወዳደር ነው?» አለችኝ። ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ማክሰኞ ከአባቷ ጋር ተመለሰች። ከበሩ ጀምሮ ፊቷን አይቼ አወቅሁ።

«ስድስተኛ» አለች። «አምስት ነው የወሰዱት። ዳገቱ ላይ ከብዶኝ ቀረሁ። ከጉና በታች ቁልቁለቱን ስወርድ ልደርስባቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሹካዬን ቁረጡልኝ፤ እኔ እያየሁ። ደህና ከሆነ ልወቀው።»

ሹካው ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። ደህና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ክለቡን የነሣኋት እኔ ነኝ፤ በማልሰማው ድምፅ። መሪጌታ ሳይጠሩ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ቱቦውን ሞርሳ ላይ በጨርቅ አስሬ፣ አቧራው ጥሩ ስላልሆነ አፍንጫችንን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነን፣ የብረት መጋዙን፣ ሴጌቶውን፣ የጠመኔው መስመር ላይ አሳረፍሁ።

ቁራጩ ሲወድቅ ወደ ብርሃን አዞርሁት። የቱቦው ግድግዳ ከውጭ ድፍን ነው። ከውስጥ በኩል ግን ንብርብሩ ውኃ እንደ ነካው መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ተላቅቋል። ውቢት የአውራ ጣቷን ጥፍር አስገባችበት፤ ገባ። ከመስመሩ ሁለት ጣት ዝቅ ብዬ ደግሜ ቆረጥሁ። እዚያ እንደ አንድ ድንጋይ ድፍን ነበር።

ያ ሁሉ ጉዳት ከምስማር ራስ በቀጠነ ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ አንድ ድምፁ የተሰበረ አዛውንት ግን በሳንቲም አግኝተውታል። ለብዙ ዓመት ጠዋትና ማታ እጅ እየነሣሁ ያለፍሁት ሰው ማን እንደ ነበሩ ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው።

ውቢት ዞረች። «መሪጌታ፣ በጆሮ ብቻ?»

«ጎድሎ ነበር» አሉና ወደ በራቸው ተመለሱ።

አቶ ደረሰ ከሁለቱ ቁራጮች የተላቀቀውን አንሥተው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። ለምን እንደ ፈለጉት አልጠየቅናቸውም። ውቢት የብረቱን ሹካ በእጇ ደባበሰችውና፣ «በሉ፣ ዳገቱን ከዚሁ ጋር እለምደዋለሁ» አለች። ስትወጣ በዚህ ጊዜ ተሰናበተችኝ።

ድፍኑ ቁራጭ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከብሎኑ ራስ አጠገብ ተቀምጧል። አዲስ ሠልጣኞች ሲመጡ ሁለቱንም አሳያለሁ። የምነግራቸው አጭር ነው። የተጣበቀ ዕቃ ወጣ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ ይዞት የነበረው አካል ሳይመረመር አይገጠምም። የራሳችሁ ጆሮ ካልሰማ የሚሰማውን ሰው ጥሩት፤ የሚነግራችሁንም ጽፋችሁ ፈርሙበት።