የአክስቴ እግርና የአጎቴ መኪና

የአክስቴ ባል፣ አጎቴ፣ ካረፉ አርባ ቀን አለፈ። እሳቸውን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥያቄያቸው ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውን አሮጌ የስፖርት መኪናቸውን እየነዱ፣ በየመሀሉ ወደ አክስቴ ዘወር ይሉና «እግርሽን አልሞቀሽም?» ይሏታል።

የባሕር ዳር ፀሐይ አንሶ፣ የሞተሩ ሙቀት ወደ መኪናዋ ውስጥ ይገባ ነበር። አክስቴ ደግሞ እግሯን ያማታል። አንድ ቀን ከዱርቤቴ ሲመለሱ በሩን ከፍታ ወረደችና፣ «ሁለተኛ እዚህ ውስጥ አልገባም!» አለች።

አጎቴ በማግሥቱ ወንበሮቹን አወጡ። ከሞተሩ በኩል ሙቀት የሚያስገቡትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ደፈኑ። ከዚያም ከእናታቸው የቀረላቸውን ወፍራም የሱፍ ባና ቀድደው ከምንጣፉ ሥር አነጠፉት።

አክስቴ ደነገጠች። «የእናትህን ባና?»

«እሷም ብትኖር ላንቺ ነበር የምትሰጠው» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ አክስቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ጣናን እያየች መሄድ ለመደች። አንዳንዴም እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

ባለፈው እሑድ፣ አጎቴ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አክስቴን በዚያች መኪና ይዣት ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ሳንደርስ ቀኝ እግሬን አቃጠለኝ። መኪናዋን አቁሜ በእኔ በኩል ያለውን ምንጣፍ ገለጥሁት። ባዶ ብረት ነው። ባናው የበቃው ለአክስቴ ወገን ብቻ ኖሯል።

አክስቴ ጎንበስ ብላ ብረቱን በመዳፏ ነካችው።

«ይህን ሁሉ ዓመት» አለች፤ «አንድም ቀን ሞቀኝ ብሎኝ አያውቅም።»