እንቁራሪቶቹ ዝም ሲሉ

ጎረቤቴ አመሻሽ ላይ ጓሮዋን በጎማ ስታጠጣ የእርጥብ አፈር ሽታ በመስኮት ገባ፤ ሳላስበው እግሬን ወንበር ላይ ሰቀልኩ።

ልጅ ሳለሁ ሐይቅ ዳር ባለው ጓሯችን አያቴ ውሃ የሚያጠጣው ጠዋት ብቻ ነበር፤ አፈሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲደርቅለት። አንድ ቀን ግን ቦዩ ተደርምሶ የሙዙ ሥር ሲረጥብ ዋለ። ሲመሽ እንቁራሪቶች ተንጫጩ። ላያቸው ስሮጥ አያቴ እጄን ለቀም አደረገ።

«እርጥቡ እነሱን ይጠራል፣ እነሱ ደግሞ እባብ ይጠራሉ። ሲጮኹ አትፍሪ፤ ድንገት ዝም ካሉ ግን ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ወዲያው ዝም አሉ። ከሙዙ ሥር የደረቀ ቅጠል ኮሽ አለ። «አብሽሪ» አለኝ አያቴ፤ ዓይኑን ግን ከቅጠሉ ላይ አልነቀለም።

አሁን ጎረቤቴ በነጠላ ጫማ ወደ ሙዟ ሥር እየሄደች ነው፤ እንቁራሪቶቹም ይንጫጫሉ። ልጠራት አፌን ስከፍት ዝም አሉ።