የአራቱ ልጆች የመጨረሻው ዘፈን

ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ተረት የምሰማው ከልብስ ሰፊ ነበር። በእናቴ ቤት በመንገድ በኩል ያለችውን አንዲት ክፍል ጋሽ ሙሄ ተከራይተው ይሰፉባት ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ይዤ ከጨርቅ ክምሩ ጎን እቀመጣለሁ። ሰው ሲያናግረኝ አንገቴን የምደፋ ልጅ ነበርኩ፤ ጋሽ ሙሄ ግን መልስ ሳይጠብቁ የሚያወሩ ሰው ስለሆኑ እሳቸው ዘንድ መቀመጥ አይከብደኝም። አመሻሹ ላይ ብርዱ በበሩ ስር መግባት ሲጀምር የካውያቸውን ፍም አሮጌ ጣሳ ላይ ይገለብጡትና ዙሪያውን ከበን እጃችንን እናሞቅ ነበር። ያኔ ክፍሏን የሚሞላት የከሰል ጭስና ገና የተተኮሰ ሱፍ ሽታ ነበር።

ከፍሙ ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ሰዎች የሚያገናኛቸው ካሴት ነው። ጋሽ ሙሄ ከአቧራ በቁራጭ ጨርቅ የሚሸፍኗት አንዲት ቴፕ ነበረቻቸው። አዲስ ካሴት ሲገኝ ሳምንቱን ሙሉ ይደመጣል፤ ቅዳሜ ሲመሽ እያንዳንዱ አድማጭ «የእኔ» የሚለውን ዘፈን ይመርጣል። መምረጥ ብቻ ግን አይበቃም። ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተጣላ፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያላወራ ሰው ዘፈኑን አያገኝም። ታሪኩ የጣመለት ሰው ግን ስሙ በልብስ መቁረጫው ጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጻፍለታል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ዘፈን ሲመጣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም በላዩ ላይ አያወራም።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ከባሕር ዳር አንድ ካሴት ይዞ መጣ። የሮክ ባንድ አዲስ አልበም ነው አለን። ልጆቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ጊታር ይጫወታሉ፣ አንዱ ከበሮ ይደበድባል። የባንዱ ስም ረጅም ስለነበር እኛ ዘንድ «አራቱ ልጆች» ተብለው ቀሩ። መጀመሪያ ቀን ሲከፈት ጋሽ ሙሄ ቴፕዋ የተበላሸች መስሏቸው አጠፏት፤ ሽቶ በነካ ጥጥ ውስጧን ጠረጉላትና እንደገና ከፈቱት። ያው ነው። እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ግን ሁላችንም ለምደነው ነበር።

ከሁሉ በፊት የተሸነፉት እትዬ የሺ ናቸው። እትዬ የሺ ከሱቁ ፊት ለፊት የጉና ድንች የሚሸጡ ጎረቤታችን ሲሆኑ፣ የመረጡት ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸውን፣ እናቴ ስትሰማው በር የምትዘጋበትን ዘፈን ነው። እንደ እሳቸው ከሆነ ይህ ዘፋኝ ልጅ በሬ የሚባል ነገር የለውም፤ ሆኖም በሬህ ገብሴን ጨረሰው ተብሎ ተከሷል። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ሦስት ጊዜ በቀስታ ቢያስረዳ የሚሰማው አጣ። አሁን እየተናገረ ያለው ለአራተኛ ጊዜ ነው። ይህን ካወሩ በኋላ ዘፈኑ በመጣ ቁጥር ሁላችንም አብረነው እንናደድ ነበር።

ደሳለኝ ረጅም የጊታር ጨዋታ ያለበትን መረጠ። ታሪኩን ሲጠየቅ «ጊታሩ ነዋ» አለ።

«ጊታሩ ምን አለ?» አሉት ጋሽ ሙሄ።

«ምንም አላለም ጋሽ ሙሄ፤ ዝም ብሎ ይጮኻል።»

«የእኔስ መኪና ቀኑን ሙሉ ትጮህ የለም? ካሴት ላውጣላት?»

ሁለት ቅዳሜ ስሙ ሳይጻፍ አለፈ። በሦስተኛው፣ ጊታሩና ከበሮው ጠባብ መንገድ ላይ ተገናኝተው «አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም» ሲባባሉ የመሸባቸው ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው የሚል ታሪክ ይዞ መጥቶ ሁሉንም አሳቀ፤ ተጻፈለት።

የመጨረሻው ዘፈን የራሳቸው የጋሽ ሙሄ ነበር። እኔም የምወደው እሱን ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። ቀስ ያለ ዘፈን ነው። አንድ ሰው በጉም ውስጥ ይጓዛል፣ አንድ ደጃፍ ላይ ይደርሳል፣ ከበሮው ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ዘፋኙ «እኔ ነኝ» ይላል፣ ወዲያው ቀጭ ብሎ ያልቃል። ጋሽ ሙሄ ታሪኩን ሲያወሩ አምፖሉን አጥፍተው ፋኖስ ያበሩለት ነበር። ሰውየው በልጅነቱ ከቤቱ የወጣ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ በጉና ተራራ በኩል በበቅሎ ሲመለስ ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ የበቅሎዋን ጆሮ እንኳ ማየት አቃተው። በቅሎዋ በራሷ ፈቃድ አንድ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ የእናቱ ቤት ይሁን የባዳ አያውቅም። ወርዶ አንኳኳ፣ «እኔ ነኝ» አለ። እዚህ ላይ ቴፕዋ ቀጭ ትላለች፤ ጋሽ ሙሄ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፤ እኛም ፍሙን እናያለን። ከዚያ ክርክሩ ይነሳል። እትዬ የሺ በሩ መከፈቱ አይቀርም ባይ ነበሩ፤ በዚያ ብርድ ሰው ደጅ የሚያቆም አገር አላውቅም ይላሉ። ደሳለኝ ደግሞ ቤቱ የእናቱ ስላልሆነ አይከፈትም ይላል። ጋሽ ሙሄ ሁለቱንም ያስቆሙና እነዚህ ልጆች በሳል ሰዎች መሆናቸውን፣ መጨረሻውን ለሰሚው የተዉት ሆን ብለው መሆኑን ያስረዳሉ። ይህን ለመስማት ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ሰው ይመጣ ጀመር።

ቅዳሜ ቅዳሜ በመጨረሻ ወደ እኔ ይዞሩና «ያንቺስ የቱ ነው?» ይሉኛል። አላውቅም እላለሁ። ግድግዳው ላይ ስሜን ማየት የምመኘውን ያህል ሌላ ነገር የተመኘሁ አይመስለኝም፤ ነገር ግን የምወደው ዘፈን ባለቤት ነበረው። ባይኖረውም እንኳ ሰው ፊት ማውራት አልደፍርም ነበር።

ክረምት ሲገባ ወደ አንበሳሜ ከተማ፣ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ተልኬ ሱቅ ስገባ ያው ካሴት ተከፍቶ አገኘሁት። ዝናቡ እስኪያባራ በሚል ሰበብ ቆምኩ። የመጨረሻው ዘፈን መጣ፤ ከበሮው ሦስት ጊዜ መታ፤ ሰውየው «እኔ ነኝ» አለ። ቀጭ የሚለውን ጠበቅሁ። ቀጭ አላለም። ዘፈኑ ቀጠለ። ባለሱቁ የካሴቱን ማኅደር ሲያሳየኝ የልጆቹ ፎቶ ያለበት ዋናው ካሴት ነው፤ የእኛ ለካ ባዶ ካሴት ላይ የተቀዳ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ክሩ ያለቀበት ነበር። ሁለተኛ እንዲደግምልኝ ለመጠየቅ አፈርኩና ጨዉን ይዤ ወጣሁ።

ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ መኪና ውስጥ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ብናገር ጋሽ ሙሄን ሰው ፊት ማዋረድ ነው፤ ዝም ብል ያ ሰውዬ ደጅ ላይ እንደቆመ መቅረቱ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። የዚያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቴፕዋ የምትሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ከገሳይ ከተማ የመጡ ሁለት እንግዶችም ነበሩ። ጋሽ ሙሄ ከወትሮው አሳምረው አወሩ። ቴፕዋ ቀጭ አለች፤ ጣታቸው ተነሳ።

«አላለቀም» አልኩ።

ደሳለኝ በክርኑ ጎሸመኝ። ጋሽ ሙሄ ጣታቸውን ሳያወርዱ «ምን አልሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ዘፈኑ አላለቀም። ያለቀው ካሴቱ ነው። ሲቀዳ አልበቃውም። እኔ አንበሳሜ ሙሉውን ሰምቼዋለሁ።»

ካሴቱን አወጡና ወደ ፋኖሱ አስጠግተው አዩት። ክሩ ተሟጦ ወደ አንድ በኩል ተጠቅልሏል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ በሳል ሰዎች ስትሏቸው የነበረው ካሴት አልቆባችሁ ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም። እኔ ተነስቼ ልሮጥ ስል ጋሽ ሙሄ ፍሙን በመቀሳቸው ጫፍ ቆሰቆሱና ቀና ብለው አዩኝ።

«እና በሩ ተከፈተ?»

ከነገሩ ሁሉ እሳቸውን የሚያሳስባቸው ይህ ብቻ መሆኑን ሳይ ምላሴ ተፈታ። ከውስጥ አንዲት ሴት «እኔ ማለት ማን ነው? ስም የለህም?» እንዳለች ነገርኳቸው። ሰውየው እናቱ በልጅነቱ የምትጠራበትን ስም ተናገረ። በሩ ተከፈተ፤ ሴትዮዋ ግን እናቱ አይደለችም። አስገባችው፣ የገብስ ቆሎ ሰጠችው፣ ጉሙ ሲገፈፍ ወደ ውጭ ይዛው ወጣችና ከጎረቤት ያለውን ቤት አሳየችው፤ መብራቱ በርቷል።

እትዬ የሺ «አላልኩም? ተከፈተ» አሉ። ደሳለኝ «የእናቱ ቤት አለመሆኑንስ ማን ነው የተናገረው?» አለ። ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ሲጨቃጨቁ ጋሽ ሙሄ ጠመኔያቸውን ይዘው ተነሱ። ከግድግዳው ላይ የራሳቸውን ስም ያጠፋሉ ብዬ ስጠብቅ ከጎኑ መስመር አሰመሩና የእኔን ስም ጻፉ።

«እስከ ‹እኔ ነኝ› ድረስ የእኔ ነው» አሉ፤ «ከዚያ ወዲያ ያንቺ።»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቴፕዋ ቀጭ ስትል ጣታቸው ወደ ላይ መነሳቱ ቀርቶ ወደ እኔ ይዞር ነበር፤ እኔም በየቅዳሜው፣ ካሴቱ ያልደረሰበትን እተርክ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከተመለስኩ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት፣ የአራቱን ልጆች አልበም ስልኬ ላይ አገኘሁት። ብቻዬን ሆኜ በማዳመጫ ሰማሁት። «እኔ ነኝ» ካለ በኋላ ጊታሩ ለረጅም ጊዜ ይጫወታል፣ ከበሮው ይመለሳል፣ አዝማቹ ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ያልቃል። ሴትዮዋ የለችም። ቆሎም መብራትም የለም። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁሉንም በጆሮዬ የሰማሁት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከአንበሳሜ ስመለስ መኪና ውስጥ ነው በሩን የከፈትኩት።

እያፈርኩ ስልኩን ይዤ ጋሽ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው መርፌ አላይ ካላቸው ወዲህ መስፋት ትተዋል። ምንም ሳልነግራቸው ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና ስልኩን መለሱልኝ።

«ይኸኛውም ጎደሎ ነው» አሉኝ። «ሴትዮዋን ቆርጠዋታል።»

አልተከራከርኳቸውም። ሰው ፊት መናገር ዛሬም ያስፈራኛል፤ ስብሰባ ላይ የያዝኩትን ሐሳብ ይዤው የምወጣበት ቀን ይበዛል። ግን አንድ የወደድኩት ዘፈን ሲያልቅና ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ተራው የእኔ ይመስለኛል።