የገራባው ጆንያ

ጩኸቱን የሰማሁት ከመካኒሳ አቦ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ ነው። ሮጥኩ። አባዬ ግቢው መሃል ወንድሜን በአካፋ እጀታ ይቀጠቅጠዋል። ወንድሜ ቢፈልግ አባዬን በአንድ እጁ የሚያነሳ ጎረምሳ ነው፤ ግን ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፍኖ ተንበርክኳል። ከጆሮው ደም ይወርዳል።

"ምለህ! በእናትህ ፊት ምለህ፣ ቤቴ ገራባ ታስገባለህ?"

እግራቸው ስር የወደቀው ጆንያ የኔ ነበር። ገራባ ቃሚዎች የሚጥሉት የጫት ትራፊ ነው፤ ለፍየል ይሸጣል። የኔ የማስተርስ ጥናት ደግሞ በሱ ላይ ነው። ገራባውን ቀቅዬ ውሃውን ከብር ጨው ጋር ሳዋህደው፣ ብሩ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆናል። ብናኙ ሃይድሮጂንን ሳያቃጥል ከሱ ኤሌክትሪክ ለሚያወጣ፣ ፊውል ሴል ለሚባል መሣሪያ ነው። እዚያ ውስጥ የሚገባው ፕላቲነም የሚባል ማዕድን ዋጋው አይቀመስም፤ እኔ በርካሹ ልተካው ነው። ይህን ለአባዬ ስንቴ አስረድቼዋለሁ! "ጎሽ ልጄ" ይልና ሬዲዮውን ይከፍታል።

ወንድሜ ከፋሲካ ወዲህ ጫት እርም ብሏል። ሐራራው እያንቀጠቀጠውም ችሎት ነበር። ጠዋት እኔ ክላስ ስለነበረብኝ ጆንያውን ከጫት ቤት ተሸክሞ ወደ ቤት አመጣልኝ። "እኔን ያደኸየኝ ቅጠል አንቺን ሊያስመርቅ!" ብሎ ስቆብኛል። አንዷ ጎረቤት አይታው ለአባዬ ሹክ አለችው።

እጀታው ላይ ተንጠለጠልኩ። "የኔ ነው! ለትምህርቴ ነው!"

"ልትሸፍኚለት ነው?" አለና በክርኑ አፌን አለኝ። ጥርሴ ከንፈሬን በሳው። ክንዱን ነከስኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ እስኪገባ አልለቀቅኩም። እጀታው ወደቀ፣ አነሳሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እማዬ መሃል ባትገባ አባቴን ፈንክቼው ነበር።

"የሷ ነው!" አለች እማዬ። "ስንቴ ነገረችህ፣ አንተ ሰውዬ!"

አባዬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። "ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"መች ጠየቅከው!" ጮህኩበት። ያን ቀን ጠላሁት። ጥላቻው እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ወንድሜ ደሙን በሸሚዙ ጠርጎ ወደ በሩ ሄደ። ቁስሉን ልጠብልህ ብዬ ለመንኩት።

"ተይኝ" አለኝ። "ይህን ሁሉ ዱላ ከበላሁ አይቀር።"

ሲመሽ ጉንጩ አብጦ ተመለሰ። ከዱላው መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ነካሁት። ጫት ነበር።